ምቱን የሚይዘው ማን ነው? የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃና ኦርኬስትራ በአንድ መድረክ



የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቀኛ ከኦርኬስትራ ጋር የተጫወተባቸው ምሽቶች ብዙውን ጊዜ የአሮጌና የአዲስ ዕርቅ ተደርገው ይተረካሉ። እኔ ዛሬ በሌላ ጥያቄ ልመለከታቸው እወዳለሁ፦ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ምቱን የሚይዘው ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በማርች 1954 የአሜሪካው የሉዊቪል ኦርኬስትራ፣ ኦቶ ሉኒንግና ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ለቴፕና ለኦርኬስትራ የደረሱትን ሥራ ለሕዝብ አቀረበ። ቴፕ መዞር ከጀመረ ማንንም አይጠብቅም፤ የነፊዎቹን ትንፋሽ አያውቅም። ሌሎችን ማስከተል የለመደው የኦርኬስትራ መሪ ቴፑ በሚሰማበት ሁሉ ራሱ ተከታይ ሆነ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2 የኤድጋር ቫሬዝ «ዴዘር» በፓሪስ የሻንዘሊዜ ቴአትር በሄርማን ሼርኸን መሪነት ተሰማ። ቫሬዝ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ፒያኖና የምት መሣሪያዎች የሚጫወቷቸውን አራት ክፍሎች ከሦስት የቴፕ ክፍሎች ጋር አፈራረቃቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ሥራው የተመደበው በሞዛርትና በቻይኮቭስኪ መካከል ነበርና ከታዳሚው ብዙዎች በጩኸት ተቃወሙት፤ ሁካታውም በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። ታሪክ ሁካታውን አጉልቶ ይዟል። እኔ ግን ከሁካታው በላይ የሚያስደንቀኝ አደራደሩ ነው፤ ቫሬዝ ሁለቱን በመለየቱ አንዱ የሌላው ገዥ እንዳይሆን አድርጓል።

በጁላይ 2 ቀን 2005 የዲትሮይቱ ቴክኖ ሙዚቀኛ ጄፍ ሚልስ፣ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው ፖን ዱ ጋር በተባለው ጥንታዊ የሮማውያን የውኃ መተላለፊያ ድልድይ ሥር ከሞንፔልዬ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ። ሥራዎቹን ለኦርኬስትራ ያቀናበረው ቶማ ሩሰል፣ የመራው አላን አልቲኖግሉ ነበር። በዚህ መድረክ ላይ ሁለቱ ወገኖች ተራ አልጠበቁም፤ አብረው ተሰሙ። ቴክኖ የሚቆመው በማይዛነፍና በሚደጋገም ምት ላይ ነው፤ የኦርኬስትራ ውበት ደግሞ በከፊል ከመዘግየትና ከመፍጠን ይመነጫል። ስለዚህ ከሞላ ጎደል ወደ ሌላው ምት የሄደው ኦርኬስትራው ነው።

ሆኖም ከ1954 ወዲህ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። በመሣሪያው አጠገብ የቆመው ሰው አድማጭ ሆኗል፤ ድምፅ ሊጨምር፣ ሊቀንስ፣ ጨርሶም ዝም ሊያሰኝ ይችላል። የቴፑ ግትርነት ዛሬ የግድ አይደለም፤ ከቀጠለም በሰው ምርጫ ነው።

ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም። ሁልጊዜ የሚጠብቀው ኦርኬስትራው ብቻ ከሆነ፣ ሰባና ሰማንያ ሰዎች በዘመናት ልምምድ ያካበቱት ጥበብ ለአንድ ምት ማጀቢያ ሆኖ ይቀራል። የታዳሚው ጭብጨባ ሁለቱ በአንድ መድረክ መቆማቸውን ይመሰክራል። መገናኘታቸውን የምናውቀው ግን መሣሪያውም በተራው ሲጠብቅ ነው።