ከቁጠባው በኋላ ያለው ሰዓት



በመካኒሳ አቦ የምንሰበሰብ ሴቶች ቁጠባችንን ከፍለን መዝገቡ ከተፈረመ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን እንወያያለን። በዚህ ሰዓት ላይ ሰሞኑን ጥያቄ ተነሥቷል። ጉሊቷ የሚጠብቃት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣ እኅታችን «ገንዘቡን ሰጥተን ብንሄድስ?» ብትል አይፈረድባትም። ከመወሰናችን በፊት ግን እንዲህ ያለው ውይይት በአገራችን ምን እንደ ሠራ ማወቁ ይጠቅመናል ብለን ይህን ጽፈናል።

ተቀምጦ መደማመጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ የጎረቤት ችግር ይነሣል፤ በዕድርና በማኅበር ኀዘንም ደስታም ይካፈላል። ነገር ግን በሽምግልናው አደባባይ የሴት ድምፅ እምብዛም አይሰማም ነበር። በቡናው ላይ የተነሣው ቁም ነገርም ብዙ ጊዜ ረከቦቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣ ነበር። ስለዚህ ሴቱም ወንዱም አብሮ የሚቀመጥበት፣ ያዳመጠውን ወደ ውሳኔ የሚያደርስበት ጉባኤ ያስፈልግ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ታሪክ ሲነሣ የቦጋለች ገብሬ ስም አብሮ ይነሣል። ቦጋለች በከምባታ ተወልደው በልጅነታቸው የተገረዙ፣ ከዚያም ደም መፍሰስ ለጥቂት የተረፉ ናቸው። ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ፊደል ቆጠሩ፤ በኋላም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የስሙም ትርጉም የከምባታ ሴቶች በጋራ ለመሥራት ተባበሩ እንደ ማለት ነው።

ቦጋለች የመጡት ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች ጤና ሊናገሩ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች ግን አስቀድመው የነገሯቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ እንደሌላቸው ነው። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እርሳቸውንም ሊሰማ ተዘጋጀ። አስተማሪዋ አስቀድማ ተማሪ ሆነች ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ «የማኅበረሰብ ውይይት» የተባለው ዘዴ በአላባና በያቤሎ ተጀመረ፤ የአላባውን የመራው የቦጋለች ድርጅት ነው። ሴቶችና ወንዶች፣ ወጣቶችና ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችም በየጊዜው ይገናኛሉ። የሠለጠኑ አወያዮች ይጠይቃሉ እንጂ አይሰብኩም። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ዝምታ ቢመጣም ለመሙላት አይቸኮልም። በአንድ ቀን ስብሰባ ውሳኔ አይጠበቅም። ችግሩ በየፈርጁ ይታያል፣ ሰው ቤቱ ሄዶ ያሰላስለዋል፣ ተመልሶ ይነጋገርበታል፣ በመጨረሻም በጋራ ይወስናል። ውሳኔውም መሥራት አለመሥራቱ በሌላ ጊዜ ይገመገማል። በጋራ ልብ ማለት የምንለው ይህንን ነው።

እንዲህ ባለው ጉባኤ ከዚህ በፊት በአደባባይ የማይነሡት ግርዛት፣ ጠለፋና የውርስ ጋብቻ ተነሡ። እናቶች ስለ ደረሰባቸው ሕመም ባሎቻቸው እየሰሙ ተናገሩ። ከምባታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ አስታውቃ ስታገባ፣ ሙሽራውም እንደሚኮራባት በግልጽ ተናገረ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም እናት ልጇን የምታስገርዘው ባል እንዳታጣ በመፍራት ነው። አንዲት እናት ብቻዋን ብትተው ልጇ ትነወራለች፤ አገሩ በአንድ ላይ ሲተው ግን ነውሩ ራሱ ይጠፋል።

ዩኒሴፍ ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በከምባታ ጠምባሮ ዞን ግርዛትን የሚደግፈው ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ከነበረበት 97 በመቶ በ2008 ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። በመካከሉ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርዛትን በግልጽ ከልክሏል። ሕጉ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። ሕግ ያስፈልጋል፤ ሰው ተቀምጦ ልቡን ካልመከረ ግን ሕጉ ከወረቀት ወደ ቤት አይገባም።

በዚያው በ2002 አዳማ ላይም ሌላ ነገር ተጀምሯል። በሕንድ የተለመደው የራስ አገዝ ቡድን አሠራር በኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ አገራችን ገባ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እየቆጠቡ ይበደሩ፣ ይነግዱ ጀመር። ሰብሳቢነቱ በየተራ ነው፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጅ ትምህርት፣ የጤናና የሰፈር ጉዳይ ይነሣበታል። የእኛ ቡድን አሠራር የዚህ ዘመድ ነው።

ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅየምን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀብለው በ2019 አርፈዋል። ከሥራቸው የምንወስደው ትልቁ ትምህርት ትዕግሥት ነው። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የቁጠባው ብር በየወሩ ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል፣ የውይይቱ ፍሬ ግን ለመታየት ዓመታት ይፈልጋል።

ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው። ሰዓቱ ለተቸኮሉት እኅቶቻችን እንዲመች ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠር፤ በየስብሰባው አንድ ጉዳይ ብቻ ይነሣ፤ ሁሉም ሳይናገር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይናገር፤ የተወሰነው ከቁጠባው መዝገብ ጎን ይጻፍ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቡናው ቀርቦ እንመክርበታለን።