ኮስት ሼሪንግ ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነፃ አይደለም ወዳጆቼ። ነፃ የነበረበት ዘመን ግን ነበር፣ እስቲ ትንሽ ላውራችሁ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ነበር። የተማሪው ቁጥር ትንሽ ስለነበር ብዙም አልከበደም። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፣ አብዛኛው የሚመደበውም ለማስተማር ነው። (ከ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጋር እንዳታምታቱት፣ እሱ ሌላ ነው።) አገር አስተማረችህ፣ አንተም በተራህ አንድ ዓመት አስተምርላት ነው ነገሩ። እንደኔ እንደኔ ከዚህ የተሻለ ዕዳ አከፋፈል የለም፤ መምህር ስለሆንኩ ሳላዳላ አልቀርም።

ደርግ ሲወድቅ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ በየክልሉ መከፈት ጀመሩ፣ ተማሪው በዛ፣ ወጪውም አብሮ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ወጪ መጋራትን ይዞ መጣ። ዝርዝሩ በዚያው ዓመት በደንብ ወጣ።

ሐሳቡ የእኛ አይደለም፣ የአውስትራሊያ ነው። እዚያ በእ.ኤ.አ. 1974 ክፍያ ቀርቶ ነበር፤ በ1989 ግን በአዲስ መልክ ተመለሰ። መንግሥት ይከፍልልሃል፣ ስትመረቅ ደሞዝህ የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ብቻ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይቆርጣል። ደሞዝህ ከዚያ በታች ከሆነ ማንም አይጠይቅህም።

የእኛው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ይሸከማል። ማለትም የምትፈርሙት ለሌክቸሩ ብቻ ሳይሆን ለካፌው እንጀራም ጭምር ነው። ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆርጣል፣ የመጨረሻው ጊዜ 15 ዓመት ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። አውስትራሊያዊው ዕዳውን የሚይዝለት ደሞዙ ነው። የእኛው ልጅ ግን ዕዳውን ሳይጨርስ ኦሪጂናል ዲግሪው አይሰጠውም፣ በቴምፖራሪ ነው የሚዞረው። ሥራ ካገኘ ችግር የለም፣ ቀስ ብሎ ይከፍላል። ሥራ ያጣውስ? ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ወይም ሥራ አግኝቶ ኦሪጂናል ሲጠየቅ፣ ገና አንድ ብር ደሞዝ ሳይቀበል ዕዳውን በአንዴ ቁጭ አድርግ ይባላል። ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ ዘመድ ያስቸግራል። ሐሳቡን ስንዋስ ዋናውን ነገር፣ ገቢ የሌለው ሰው አይከፍልም የሚለውን፣ እዚያው ጥለነው የመጣን ይመስለኛል።

ዘንድሮ የምትገቡ ልጆች፣ ፎርሙ ሲመጣ ተጋፍታችሁ አትፈርሙ። የዓመቱ ሒሳብ ስንት እንደሆነ አንብቡ፣ ኮፒውን ለራሳችሁ አስቀምጡ። ለመምህርነት የምትሠለጥኑ ካላችሁ ደግሞ ሕጉ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንድትከፍሉ ይፈቅዳል፤ የተማራችሁትን ያህል ጊዜ ማስተማር ነው። ይህን መብት የማያውቅ ብዙ ልጅ አለና ለምታውቁት ንገሩልኝ።