ኢንጂነር ሆስፒታል ምን ይሠራል?



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ከጉንደ ወይን ልጆች የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ነው፦ «ቲቸር፣ ሕክምና ፈልጌ ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ፤ በቃ ሰው ማዳን ቀረ።» አልቀረም! በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ።

ሮበርት ላንገር አሜሪካዊ የኬሚካል ኢንጂነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክትሬቱን ከኤምአይቲ ሲይዝ ዘመኑ የነዳጅ ቀውስ ስለነበር የነዳጅ ኩባንያዎች ተሻሙበት። እሱ ግን ቦስተን ሕፃናት ሆስፒታል ገብቶ ጁዳ ፎክማን ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር መሥራት ጀመረ። በ1976 ትልልቅ ሞለኪውሎችን ቀስ በቀስ የሚለቅ ፕላስቲክ መሰል ቁስ ይዘው ብቅ አሉ። ማን ይመን! የላንገር የመጀመሪያ 9 የምርምር ገንዘብ ጥያቄዎች ውድቅ ሆኑ፤ ኢንጂነር ስለ ሥነ ሕይወት ምን ያውቃል ተባለ። ሆኖም በ1996 አንጎል ውስጥ ተቀምጦ የካንሰር መድኃኒት እየለቀቀ የሚሟሟ ስስ ቁስ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መነሻው የእሱ ሥራ ነው።

ጆሴፍ ቫካንቲ ደግሞ ለሕፃናት ጉበት የሚቀይር ሐኪም ነበር። ለጋሽ ጠፍቶ ልጆች ሲሞቱ እያየ ከላንገር ጋር መከረ። እኛ ግንብ ስንሠራ የባሕር ዛፍ ርብራብ እናቆም የለ? ግንቡ ሲያልቅ ይነሳል። እነሱም ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ርብራብ ሠርተው ሕዋሳት ዘሩበት። በ1993 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ለዘርፉ መሠረት ጣለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ቦላንድ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቢሮ ፕሪንተር ለውጦ በቀለም ፈንታ ሕያው ሕዋሳት አተመበት።

«ታዲያ ኩላሊት ታተመ የሚሉትስ?» ትሉኛላችሁ። በ2011 ዶክተር አንቶኒ አታላ መድረክ ላይ ያሳዩት የታተመ ነገር ኩላሊት ይመስል ነበር እንጂ አይሠራም ነበር። ወሬው ግን እስካሁን ይዞራል። ችግሩ የደም ሥር ነው። ሕዋስ ከደም ሥር ከአንድ ሚሊ ሜትር ክፋይ በላይ ከራቀ ምግብና ኦክስጅን አይደርሰውም፤ ቦይ ያልደረሰው ማሳ ማለት ነው።

ስለዚህ ኩላሊት የታመመ ዘመድ ያላችሁ፣ አደራ! ፕሪንተር እየጠበቃችሁ የኩላሊት እጥበት እንዳታቋርጡ። ከዘመድ የተለገሰ ኩላሊት መቀየር አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ኢንጂነሪንግ የደረሳችሁ ልጆቼ ደግሞ፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጅማም ጎንደርም ይሰጣል። ኬሚካልም ቢሆን መንገዱን አይታችኋል። ያ ቦይ ገና በደንብ አልተቀደደም፤ ሥራው ሐኪምም ኢንጂነርም ይፈልጋል።

መልካም የትምህርት ዘመን!