ከጭቃ ምርጊት እስከ ስሚንቶ፡ የግድግዳችን ታሪክ

እንደሚታወቀው የጥንቱ የወላይታ ቤት ክብ የሣር ቤት ነበር። በሁምቦ ቀበሌዎች ባለ ቆርቆሮ ቤት እየተስፋፋ ሲመጣ ግን የጭቃ ምርጊት ዋና ሥራ ሆነ። አፈርና የጤፍ ጭድ በውኃ ተረግጦ ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አስሮ ይይዘዋል። ከብት ያለው አባል ጭዱን ለመኖ ወይስ ለግድግዳ እያለ ማመንታቱ አይቀርም።

ኖራም በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ግንቦች የተገነቡት በኖራ ነው። ስሚንቶ ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያው ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ተቋቋመ፤ የሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ተከተለ። በዚያው በወረራው ዘመን የጎንደር ግንቦች በስሚንቶ ተጠግነው ነበር። ጥገናው ስላልተስማማቸው በኋላ በኖራ እንዲተካ ተደረገ።

ዛሬ ብዙ አባላት ከምርት ሽያጭ ባገኙት ገንዘብ የጭቃ ግድግዳቸውን በስሚንቶ ያስለስናሉ። ለዓይን ያምራል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ የገባውንም እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ከጊዜ በኋላ ልስኑ እየተገመሰ ይወድቃል፤ ከውስጥ ያለው እንጨትም ሳይታይ ይበሰብሳል። ስሚንቶ ለድንጋይ መሠረትና ለብሎኬት ግድግዳ ይሁን። የጭቃው ቤት ከክረምት በኋላ በጭቃና በጭድ ይመረግ፤ ነጭ እንዲሆን ከተፈለገ ኖራ ይቀባ።