«የኃይል መሪ ፈሳሽ» የሚባል ነገር የለም

በአማርኛ የሚዘጋጁ የመኪና እንክብካቤ ጽሑፎችና የቪዲዮ ርዕሶች «የኃይል መሪ ፈሳሽን በቤትዎ ይቀይሩ» እያሉ መምከር ጀምረዋል። ምክሩ ባልከፋ፤ ስሙ ግን ለአማርኛ ጆሮ ምንም አይነግርም። መኪና ነድቶ የማያውቅ አንባቢ የሆነ የጦር አዛዥ መጠጥ ይመስለዋል። የሚነዳው ደግሞ የሚገባው መልሶ በልቡ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው ብቻ ነው፦ ፓወር፣ ስቲሪንግ፣ ፍሉይድ። ሦስቱ ቃላት ለየብቻ ከመዝገበ ቃላት ተነቅለው በሰልፍ ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ትክክል ናቸው፣ ሲገጣጠሙ ግን ስሕተት ናቸው። መካኒኩ ለዚሁ ነገር ሲጠቀምበት የኖረ አጭርና ግልጽ ስም ባይኖር ኖሮ ለአዲሱ ስም ትዕግሥት ይገባው ነበር። ስሙ ግን አለ፦ የመሪ ዘይት።

ዕቃውን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው ብዙ አልዘረዝርም። ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞራት ፖምፓ ዘይቱን ትገፋዋለች፤ የተጨመቀው ዘይት መሪው ወደ ዞረበት አቅጣጫ የጎማዎቹን ማዞሪያ ይገፋል፤ ሹፌሩም በክንዱ ብቻ ያወጣ የነበረውን ጉልበት ይቀንስለታል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ ይህን በዘይት የሚሠራ ዘዴ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሠርቶ አሳይቷል፤ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የገባው ግን በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ለእኛ ክርክር ከዚህ ውስጥ የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ነው፦ መሣሪያው መሪውን አይተካም፣ ያግዘዋል። የሹፌሩ እጅ መሪውን ካላዞረ ዘይቱ በራሱ የትም አይወስድም።

አሁን ወደ «መሪ» እንምጣ። ሥሩ የግእዙ መርሐ ነው፤ መምራት፣ መንገድ ማሳየት። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ያፍታቱት ይህ ሥር በአማርኛ ብዙ ወልዷል፦ መመሪያ፣ አመራር፣ ምሪት፣ ከግእዙ እንዳለ የመጡት መርሕና መርሐ ግብር። መኪና ሲገባ አብረውት የገቡት አብዛኞቹ የዕቃ ስሞች የጣሊያንን መንገድ ይዘው መጡ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ራሱ መኪናም ጭምር። መሪ ግን ከነባሩ ቋንቋ ተገኘ፤ ዓይነ ስውሩን የሚመራው ሰው መሪ ከተባለ መኪናውን የሚመራው ክብ ነገርም መሪ ተባለ። ማንም ኮሚቴ ተቀምጦ ያወጣው ስም አይመስልም፤ አንድ ጊዜም አላደናገረም፤ «መሪ ጨበጠ» ሲባል ሥልጣን ያዘ ወይስ መኪና ነዳ የሚለውን ዐውዱ ይለያል። ዐውዱ የሚለየው ግን ከፊቱ የሚቆመው ቃል እስከፈቀደ ድረስ ነው። አማርኛ «የ» ብሎ ስም አስቀድሞ «መሪ» ሲያስከትል አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይወጣል፦ የጦር መሪ፣ የቡድን መሪ፣ የፓርቲ መሪ፣ የሃይማኖት መሪ። «የኃይል መሪ» በዚሁ ሰልፍ ሲቆም ኃይልን የሚመራ ሰው ከመሆን የሚያድነው የለም። በእንግሊዝኛው ፓወር የስቲሪንጉ ባሕርይ ነው፤ በአማርኛው ግን ኃይል የመሪው ተመሪ ሆነ። ዝምድናው ተገለበጠ።

«ኃይል» ራሱም እዚህ ቦታ አይመችም። ዛሬ የኃይል ማመንጫ፣ የኃይል መቆራረጥ፣ የኃይል አቅርቦት ሲባል ሁሉም መብራት ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ «የኃይል መሪ» ከጦር አዛዥነት ቢተርፍ እንኳ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሪ ይመስላል፤ ዘይት የሚቀየርለት ግን በኤሌክትሪክ የማይሠራው ነው። አንድ ተከራካሪ እስራኤል ያሉትን የቋንቋችንን ተናጋሪዎች ጠቅሶ፣ ዕብራይስጥ «ሄጌ ኮኣኽ» ብሎ ቃል በቃል የኃይል መሪ ሲል ማንም አልሳቀ፣ ለምን እኛ እንስቃለን ሊል ይችላል። ነገር ግን የዕብራይስጡ ሄጌ የመኪና መሪ እንጂ የሕዝብ መሪ አይደለም፤ የሕዝቡ መሪ «ማንሂግ» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ግጭቱ እነርሱ ዘንድ የለም፣ እኛ ዘንድ አለ። ሌሎቹን ብናይ ጣሊያኖች «ሴርቮስቴርዞ»፣ ጀርመኖች «ሴርቮሌንኩንግ» ይላሉ፤ «ሴርቮ» ከላቲኑ አገልጋይ የመጣ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ «ዲሬክሲዮን አሲስቴ»፣ የታገዘ መሪ ብለውታል። እንግሊዝኛ ጉልበቱን ሲያይ እነዚህ አገልግሎቱን አዩ። እኛ የግድ የእንግሊዝኛውን ዐይን መዋስ አለብን ያለ ሕግ የለም።

ለመሣሪያው የአማርኛ ስም ይውጣ ከተባለ ሦስት ዕጩዎች ይታዩኛል። የመጀመሪያው «ረዳት መሪ» ነው፤ ይህ ወዲያው ይወድቃል፣ በመኪና ዓለም ረዳት ማለት በሩ ላይ ቆሞ ሒሳብ የሚሰበስበው ወይም ከከባድ መኪና ሹፌር ጎን የሚቀመጠው ልጅ ነውና። ሁለተኛው «መሪ ማቅለያ» ነው። ይህኛው ይፈትናል፤ ሹፌር «መሪው ከበደኝ»፣ «መሪው ቀላል ነው» ስለሚል ቃሉ ከአፉ የተወሰደ ነው። ጉድለቱ ውጤቱን እንጂ ሥራውን አለመናገሩ ነው፤ የጎማ ንፋስ በልኩ መሙላትም መሪ ያቀልላል። ሦስተኛው «የመሪ አጋዥ» ነው፣ እኔም ለዚህ እሟገታለሁ። አገዘ የገበሬው፣ የተማሪው፣ የጎረቤቱ ቃል ነው፤ ትግርኛም ሓገዘ ይለዋል። የታገዘው ሥራውን አይለቅም፣ አጋዡም ባለቤት አይሆንም፤ ተማሪ አጋዥ መጽሐፍ ሲገዛ ዋናውን አይጥልም። በመሪውና በዘይቱ መካከል ያለው ግንኙነት ይኸው ነው። ቃሉ ሌላም ጥቅም አለው፦ በዘይት የታገዘ መሪ፣ በኤሌክትሪክ የታገዘ መሪ እያለ ይከፈላል። «የኃይል መሪ» እንዲህ ለመከፈል ቢሞክር «የኤሌክትሪክ ኃይል መሪ» ሆኖ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ያስመስላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ግን የመጨረሻው ቃል ነው፦ ፈሳሽ ወይስ ዘይት? የ«ፈሳሽ» ወገን እንዲህ ይላል፦ ይህ ነገር እንደ ሞተር ዘይት ዋና ሥራው ማለስለስ ሳይሆን ግፊት ማስተላለፍ ነው፤ ስለዚህ ዘይት ማለት ሰውን ያሳስታል። ክርክሩ አማርኛው ዘይት በሥራው የሚታወቅ ያስመስለዋል፤ አይደለም። ዘይት መነሻው ወይራ ነው፤ ደብረ ዘይት ስንል ዛሬም የወይራ ተራራ ማለታችን ነው። ከዚያ ከኑግም ከሰሊጥም የሚወጣው ዘይት ተባለ፣ ከዚያ ከመሬት የወጣው። ይበላል፣ ይበራል፣ ጠጉር ይቀባል፣ ሞተር ይገባል፤ ስሙ የተያያዘው ከጠባዩ ጋር ነው። የመሪው ዘይት ደግሞ በጠባዩ እውነተኛ ዘይት ነው፤ ከነዳጅ ዘይት የተጣራ ወይም በፋብሪካ የተቀመመ፣ የሚያሟልጭ፣ ከውሃ የማይዋሐድ። በሌላ በኩል «ፈሳሽ» ስለ ነገሩ የሚናገረው እንደሚፈስ ብቻ ነው። የራዲያተር ውሃ ፈሳሽ ነው፣ የባትሪ አሲድ ፈሳሽ ነው፣ የመስታወት ማጠቢያው ፈሳሽ ነው። መኪናው ሥር የወደቀች ጠብታ ምን እንደሆነች ለማወቅ ለሚጨነቅ ሰው «ፈሳሹ ፈሰሰ» የሚል ዜና ምን ይጠቅመዋል?

አንድ ቦታ ላይ ግን የ«ፈሳሽ» ወገን እውነት አለው፣ እርሱም የፍሬን ዘይት ላይ ነው። በብዛት የሚሸጡት ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ዘይት አይደሉም፤ ግላይኮል ከተባለ ውሕድ የተሠሩ፣ ከአየር እርጥበት የሚስቡ ናቸው። የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ቢጨመር የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣል፣ ፍሬንም ያሳጣል፤ የፍሬኑ ወደ መሪው ቢገባ ደግሞ የፖምፓዋን ጎማዎች ያበላሻል። ሁለቱም ዘይት መባላቸው ለጀማሪ አደጋ ነው የሚለው ስጋት ስለዚህ ከንቱ አይደለም። መፍትሔው ግን ትክክለኛውን ስም ከመሪው መግፈፍ ሳይሆን የተሳሳተውን ከፍሬኑ ማረም ነው፤ «የፍሬን ፈሳሽ» የሚል ካለ እደግፈዋለሁ። ሕዝቡ እሺ ይላል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እስከዚያው ድረስ አንባቢ ከስሙ ይልቅ የማጠራቀሚያውን ክዳን ቢያነብ ይሻለዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ዓይነት እዚያው ተጽፏል።

ሌሎች ተቃውሞዎችም አሉ። ቮልስን የሚያውቅ ሰው፣ ፖምፓ የሌለው የድሮ መሪም ጥርሶቹ ባሉበት ሳጥን ውስጥ ዘይት ወይም ግራሶ አለው፣ «የመሪ ዘይት» ሲባል የትኛው ነው ሊል ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ለዚያኛው «የመሪ ሳጥን ዘይት» ማለት ይበቃል። ክዳኑ ተከፍቶ ልኩ የሚታየውና የሚጨመርለት የተለመደው ስለሆነ አጭሩ ስም ለእርሱ ይሁን። ቀልደኛው ደግሞ «የመሪ ዘይት» ንጉሥ የሚቀባበት ቅብዐ መንግሥት አይመስልም ወይ ይለናል። ለብቻው ቢቆም ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የመሪ ዘይት እያለ ከወንድሞቹ ጋር ስለሚጠራ ማንም አይስትም። «የኃይል መሪ ፈሳሽ» የሌለው ይህ ቤተሰብ ነው። ሦስተኛው ተቃዋሚ ፓወር ስቲሪንግ እያልን መኖር ምን ከለከለን ይላል። ማንም አልከለከለም፤ ካምቢዮን የተቀበለ ቋንቋ ፓወር ስቲሪንግንም ይችላል። እኔ የምቃወመው የባዕድ ቃልን ሳይሆን የአማርኛ ልብስ የለበሰ እንግሊዝኛን ነው። የተዋሰ ቃል ቢያንስ ባዕድነቱን አይደብቅም፣ ጠይቀህ ትማረዋለህ፤ ቃል በቃል የተገለበጠው ግን የገባህ እያስመሰለ ያሳስትሃል።

ሥራውን ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚነሳ ሰውም ያለ እነዚህ ግልባጮች ይበልጥ ይረዳዋል። አሮጌውን ዘይት ከማጠራቀሚያው በሲሪንጅ መምጠጥ፣ አዲሱን እስከ ልኩ መሙላት፣ ሞተር አስነስቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ ማዞር፣ ሞተር አጥፍቶ እንደገና መምጠጥ፤ ዘይቱ እስኪጠራ ይህን መደጋገም ነው። መሪውን ዳር ላይ አጥብቆ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ መያዝና ፖምፓዋን ያለ ዘይት ማስኬድ አይገባም። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ማለትም ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይቀበላሉ፤ ሆንዳ ግን የራሱን ይጠይቃል። ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር ገብቷል፣ አየሩ ይወጣል። ይህችን «አየር ማስወጣት» የግልባጩ ጽሑፎች «መሪውን ማድማት» ብለው ሲጽፏት ማየት ያሳዝናል፤ እንግሊዝኛው የደም መፍሰስን ቃል ስለተጠቀመ የእኛም መኪና መድማት አለበት!

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞራለች፤ የእነዚህን መሪ የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ የብዙዎቹ ያሪስና ቪትዝ መሪም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ «የኃይል መሪ ፈሳሽ ይቀይሩ» የሚል ምክር አንብቦ ክዳን ሲፈልግ ቢውል አያገኝም። «በኤሌክትሪክ የታገዘ መሪ ነው፣ የመሪ ዘይት የለውም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ይገላግለዋል። ስለዚህ ለዘይቱ የመሪ ዘይት፣ ለመሣሪያው የመሪ አጋዥ ይባል። መመሪያ የምትተረጉሙና በዘይት ዕቃ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ የምታሳትሙ ሁሉ፣ ከማተማችሁ በፊት ስሙን ለአንድ መካኒክ አንብቡለት፤ ምን እንደሆነ መልሶ ከጠየቃችሁ አታትሙት።