ሰሚትቪል የወርቅ ማዕድን

ሰሚትቪል በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ሪዮ ግራንዴ ካውንቲ ውስጥ፣ በሳን ኋን ተራሮች ላይ የሚገኝ የተዘጋ የወርቅ ማዕድን ቦታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከ1984 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ቦታውን የያዘው ጋላክቲክ ሪሶርስስ የተባለ መቀመጫውን በካናዳ ቫንኩቨር ያደረገ ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው ሲከስር የጽዳቱ ወጪ በመንግሥት ላይ ወድቋል። በዚህ ምክንያት ሰሚትቪል ስለ ማዕድን ሕግና ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይነሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የቀድሞ ታሪክ

በአካባቢው ወርቅ የተገኘው በ1870 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ከመሬት በታች ዋሻ እየሠሩ ባለጸጋውን የድንጋይ ሥር ይከተሉ ነበር። በ1890ዎቹ ውሃውን ከማዕድኑ ለማስወጣት የተቆፈረው የሬይኖልድስ ዋሻ ከመቶ ዓመት በኋላ ዋና የብክለት መውጫ ሆኗል። በ1975 ደግሞ አንድ ሠራተኛ 64 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝንና ብዙ ወርቅ ያዘለ ቋጥኝ በመንገድ ዳር አገኘ። ይህ ቋጥኝ ዛሬ በዴንቨር የተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየም ይገኛል።

ፍለጋና የባለሀብቶች ተስፋ

አነስተኛ የማዕድን ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከምርት የሚያገኙት ገቢ የላቸውም። ገንዘብ የሚያሰባስቡት አክሲዮን በመሸጥ ነው፤ ገዢውም የሚገዛው ገና ከመሬት ያልወጣን ወርቅ ተስፋ ነው። ስለዚህ የቁፋሮ ናሙና ውጤት በወጣ ቁጥር የአክሲዮኑ ዋጋ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ምርት ቶሎ እንዲጀመር የሚደረገው ግፊትም ከዚሁ ይመነጫል።

ጋላክቲክ የተመሠረተው በሮበርት ፍሪድላንድ ነው። ኩባንያው በ1984 ቦታውን ሲረከብ፣ ከእሱ በፊት አናኮንዳ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ፍለጋ አካሂዶበት ነበር። የቀረው ወርቅ በብዙ ድንጋይ ውስጥ በጥቂቱ የተበተነ በመሆኑ በዋሻ ቁፋሮ አያዋጣም። ጋላክቲክ የመረጠው ተራራውን በክፍት ጉድጓድ ቆርሶ፣ የተፈጨውን ድንጋይ በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ከምሮ፣ ከላይ ሳያናይድ የተቀላቀለበት ውሃ ማርከፍከፍ ነበር። ሳያናይዱ ወርቁን አሟሙቶ ወደ ታች ይዞት ይወርዳል፤ ከዚያም ወርቁ ከፈሳሹ ይለያል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ንጣፉ እስካላፈሰሰ ድረስ።

ንጣፉ የተዘረጋው በከባድ የክረምት ቅዝቃዜ ወቅት ሲሆን የበረዶ ናዳም ጉዳት አድርሶበታል። በ1986 አጋማሽ ርጭቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ሳያናይድ ከንጣፉ ሥር ተገኘ። ሌላው ስህተት የሒሳብ ነበር። ዕቅዱ በዓመት ከሚገባው ውሃ ይልቅ የሚተነው ይበልጣል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ከፍታ የሚወርደው በረዶና ዝናብ ብዙ ስለሆነ የተመረዘው ውሃ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ሄደ። ፍሪድላንድ በ1990 ከኩባንያው ኃላፊነት ለቀቀ። ቁፋሮው በ1991 ቆመ፤ ጋላክቲክም በታኅሣሥ 1992 መክሰሩን አስታወቀ።

ከክምሩ የወጣው ወርቅ በጠቅላላው 9 ቶን ገደማ ነበር። ይህ በጊዜው ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያወጣም ባለአክሲዮኖቹን ከኪሳራ አላዳነም።

ብክለቱ

በስም የሚታወቀው ሳያናይድ ቢሆንም የቆየውን ጉዳት ያደረሰው አሲድ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ፓይራይት (የብረትና የድኝ ውህድ) ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱም መዳብን፣ ዚንክንና ሌሎች ብረቶችን እያሟሟ ይወስዳል። ከሰሚትቪል የወጣው ውሃ በዋይትማን ፎርክ ጅረት በኩል ወደ አላሞሳ ወንዝ ገባ፤ በወንዙ ላይ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ዓሣ ጠፋ። በታችኛው ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች አልፋልፋና ገብስ የሚያጠጡት በዚሁ ወንዝ ነው። የመስኖ መዝጊያዎቻቸው ብረት በአሲዱ መበላት ጀመረ። በሰብሎቹ ላይ በተደረገ ምርመራ የአልፋልፋው መዳብ ከፍ ብሎ ቢገኝም መጠኑ ለከብት አደገኛ አልነበረም።

ጥፋቱን ሁሉ በጋላክቲክ ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። ከማዕድኑ የማይመጡ እንደ አለም ክሪክና አይረን ክሪክ ያሉ ገባሮችም በተፈጥሯቸው አሲዳማ ናቸው፤ አሮጌዎቹ ዋሻዎችም ከኩባንያው መምጣት በፊት ያፈሱ ነበር።

ጽዳትና ክርክር

ኩባንያው በከሰረበት ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቦታውን በአስቸኳይ ተረከበ። በክምሩ ውስጥ የነበረው የተመረዘ ውሃ ከ500 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሲሆን፣ ፓምፖቹ ቢቆሙ ክረምቱ ሳያልፍ ሊፈስ ይችል ነበር። በ1994 ቦታው ሱፐርፈንድ በሚባለው የፌዴራል የጽዳት ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ የሬይኖልድስ ዋሻም በሲሚንቶ ተደፈነ። ከዚያ በኋላ ጉድጓዶቹ ተሞሉ፣ ተዳፋቱ ሣር ተዘራበት። በ2011 አዲስ የውሃ ማጣሪያ ተሠራ። አሲዱ በተፈጥሮ መፈጠሩን ስለማያቆም ማጣሪያው የጊዜ ገደብ የለውም።

ጠቅላላ ወጪው ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ኩባንያው ለመልሶ ማልማት ያስያዘው ዋስትና የዚህ ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። መንግሥት ገንዘቡን ከፍሪድላንድ ለማስመለስ ሞከረ። ፍሪድላንድ በዚያን ጊዜ በካናዳ የቮይሲ ቤይ የኒኬል ክምችት ለኢንኮ ኩባንያ በ4.3 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ሲሸጥ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። እሱ ለጉዳቱ ተጠያቂ አለመሆኑን ሲከራከር ቆይቶ፣ በ2000 መጨረሻ 27.75 ሚሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ውስጥ ለመክፈል ተስማማ።

የኮሎራዶ ምክር ቤት በ1993 የማዕድን መሬት መልሶ ማልማት ሕጉን አጥብቋል። አሲድ ሊያመነጩ የሚችሉ ወይም መርዛማ ኬሚካል የሚጠቀሙ ማዕድኖች ከዚያ ወዲህ በተለየ ምድብ ይታያሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድም ማቅረብ አለባቸው።