የሽፋን ክፍተት፦ አፑ በርቶ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት

አሜሪካ ውስጥ በገዛ መኪናው ኡበር ወይም ሊፍት የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ የኢንሹራንስ ቃል አለ፤ «ከቨሬጅ ጋፕ»። በአማርኛ «የሽፋን ክፍተት» ልንለው እንችላለን። ነጂው በየወሩ ለራሱ ኢንሹራንስ እየከፈለ፣ ኩባንያውም በበኩሉ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሳለ፣ አደጋው በደረሰበት ደቂቃ ግን ከሁለቱ አንዱም የመኪናውን ማሠሪያ የማይከፍልበት ጊዜ ማለት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ በሲያትል፣ በዴንቨር፣ በላስቬጋስ በዚህ ሥራ ቤቱን የሚያስተዳድር፣ አገር ቤት ላሉት ወላጆቹም የሚልክ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። መኪናው ብዙ ጊዜ የባንክ ዕዳ አለበት። ተጋጭቶ ጋራዥ ሲገባ የቀኑ ገቢ ይቋረጣል፤ የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ሾፌሮች ሲጨዋወቱ «እኔ ፉል ከቨሬጅ ነኝ» ሲሉ ይሰማል። አባባሉ በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም። በተለምዶ ሦስት ነገሮች በአንድ ፖሊሲ መኖራቸውን ይገልጻል፦ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ክፍል፣ በግጭት ጊዜ የራስን መኪና የሚያሠራው ኮሊዥን፣ ስርቆትን፣ እሳትንና የበረዶ ውሽንፍርን የመሳሰለውን የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ። ነገር ግን ይኸው የግል ፖሊሲ መኪናው በክፍያ ሰው ሲያጓጉዝ ሽፋኑ እንደማይሠራ የሚናገር አንቀጽ ይዟል። አንቀጹ አፕ ከመምጣቱ በፊት ለታክሲ ሲባል የገባ ነው። ቤንዚን ተጋርተው አብረው ወደ ሥራ የሚሄዱ ባልደረቦችን አይመለከትም፤ ኡበርን ግን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ ብዙ ስቴቶች ባወጡት ሕግ የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተሳፋሪ ባይኖርም፣ አፑ በበራበት ሰዓት ሁሉ አንከፍልም ብለው በፖሊሲያቸው እንዲጽፉ ተፈቅዶላቸዋል።

በሥራው ያሉ ሰዎች የነጂውን ቀን በ«ፔሬድ» ይከፍሉታል። አፑ በርቶ ጥሪ ያልመጣበት ጊዜ ፔሬድ ዋን ነው፤ «የመጠባበቂያ ምዕራፍ» እንበለው። ጥሪውን ከተቀበሉበት ደቂቃ ተሳፋሪው እስኪገባ ያለው ፔሬድ ቱ፣ «የመሄጃ ምዕራፍ» ይሆናል። ተሳፋሪው ከገባ እስኪወርድ ያለው ፔሬድ ስሪ ደግሞ «የማድረሻ ምዕራፍ» ነው። በሁለቱ የኋለኞቹ ምዕራፎች፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች፣ በሌሎች ላይ ለሚደርስ ጉዳት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኩባንያው ኢንሹራንስ ይቆማል። የነጂውም መኪና ይሠራል፤ ነጂው በግል ፖሊሲው ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ ካለው፣ ከጥገናውም የመጀመሪያውን 2,500 ዶላር ራሱ ከቻለ ነው። ይህ የነጂው ድርሻ ዲዳክቲብል የሚባለው ነው። በሩ ተጨራምቶ ጋራዡ 2,300 ዶላር ቢጠይቅ ሙሉ ወጪው የነጂው ነው።

ትልቁ ችግር ግን በመጠባበቂያው ምዕራፍ ነው። ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ለኡበርና ለሊፍት በተዘጋጀው ማቆሚያ ተራ የሚጠብቅ፣ ወይም መሐል ዲሲ ውስጥ ጥሪ ፍለጋ ቀስ እያለ የሚዞር ነጂ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕጉ በዚህ ሰዓት እንዲኖር የሚያስገድደው ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ በሌላው ሰው ላይ ለደረሰው ጉዳት የሚውል ነው። ለነጂው መኪና ኩባንያው የሚከፍለው የለም፤ የግል ፖሊሲውም አፑ በርቶ ነበርና አይመለከተኝም ይላል። የሽፋን ክፍተት የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ጥፋቱ የሌላው ሰው ከሆነ የዚያ ሰው ኢንሹራንስ ይከፍላል ይባል ይሆናል። ትክክል ነው፤ ሆኖም ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በአሜሪካ ጥቂት ስቴቶች ብቻ ይዘውት የቀሩትን ጥብቅ ደንብ ይከተላሉ። በእነሱ ዘንድ ለአደጋው በትንሹም ቢሆን አስተዋጽኦ ያደረገ ነጂ ከሌላው ነጂ ካሳ መጠየቅ አይችልም። ሌላው ሰው መብራት ጥሶ ቢገጭዎትም የእርስዎ ዓይን በስልኩ ካርታ ላይ እንደነበረ ከተረጋገጠ ክሱ ሊወድቅ ይችላል። ዲሲ በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ደንቡን አላልታለች፤ ለመኪና ነጂ ግን አልተነካም። እጅግ ብዙ ሐበሻ በሚነዳበት አካባቢ ደንቡ እንዲህ የጠበቀ መሆኑ ያሳስበኛል፤ ገጪ ጠፍቶ ሲያመልጥም ነጂው ያው ብቻውን ነው።

ሕጉ እዚህ የደረሰው በሰው ሕይወት መጥፋት ነው። ታኅሣሥ 31 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ የኡበር ነጂ መንገድ በማቋረጥ ላይ የነበረ ቤተሰብ ገጨ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሞተች። ነጂው ተሳፋሪ አልያዘም፤ አፑን ከፍቶ ጥሪ በመጠበቅ ላይ ነበር። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ተሳፋሪ ስላልነበረ ጉዳዩ የኢንሹራንሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ተቃውሞው በረታና በ2014 ኩባንያዎቹ ለዚህ ሰዓት የሚሆን ሽፋን አቀረቡ፤ ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ሐምሌ 1 ቀን 2015 ሥራ ላይ ዋለ። በ2015 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና የአፕ ኩባንያዎቹ በአንድ የስምምነት ረቂቅ ተስማሙ፤ ብዙ ስቴቶችም ሕጋቸውን ከዚያ ቀዱ። ረቂቁ ለተገጨው ሰው አስቧል። የነጂውን መኪና ግን ለነጂው ትቶለታል።

ከአደጋ በኋላ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ፤ ጠንከር አድርጌ መናገር የምፈልገውም ስለ እሱ ነው። ነጂው ደንግጦ ለግል ኢንሹራንሱ ይደውልና «ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር» ይላል። ምክሩን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወዳጅ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ረቂቅ በተቀዱት ሕጎች የአፕ ኩባንያው አደጋው ከመድረሱ በፊት ባሉት 12 ሰዓታትና ከደረሰ በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት ነጂው አፑን መቼ እንዳበራና መቼ እንዳጠፋ ትክክለኛውን ደቂቃ ለሚያጣራው ኢንሹራንስ እንዲሰጥ ይገደዳል። ውሸቱ በመዝገብ ይገለጣል። ያን ጊዜ ነገሩ ካሳ መከልከል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የኢንሹራንስ ማጭበርበር ወንጀል ይሆናል። ዜግነት ላላገኘ ስደተኛ ደግሞ የወንጀል መዝገብ ከመኪና የከበደ ነገር ነው። እውነቱን ተናግሮ መኪና ማጣት ይሻላል።

ከአደጋ በፊት ያለው ዝምታም የራሱ አደጋ አለው። ኢንሹራንስ ኩባንያው ዋጋውን የሚያወጣው መኪናው ለምን እንደሚውልና በዓመት ስንት ማይል እንደሚሄድ ጠይቆ ነው። «ለግል ጉዳይ፣ በዓመት 8,000 ማይል» ተብሎ የተመዘገበ መኪና 40,000 ማይል ሲሄድ ከተገኘ፣ ኩባንያው በተሳሳተ መረጃ ነው የተዋዋልኩት ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንደየስቴቱ ሕግ ፖሊሲውን ሊሰርዝ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመነሻው እንዳልነበረ ሊያደርገው ይችላል።

ክፍተቱን የሚደፍነው «ራይድሼር ኢንዶርስመንት» ይባላል፤ «የፖሊሲ ተቀጽላ» ብንለው ይስማማል። በነባሩ የግል ፖሊሲ ላይ በተጨማሪ ክፍያ የሚታከል አንቀጽ ነው። ሙሉ የንግድ ኢንሹራንስ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ሁሉም ኩባንያ በሁሉም ስቴት አይሸጠውም፤ ይዘቱም ይለያያል። አንዱ የመጠባበቂያውን ምዕራፍ ብቻ ይሸፍናል፤ ሌላው የአፕ ኩባንያው የሚያስከፍለውን 2,500 ወደ ነጂው የራሱ ዲዳክቲብል ያወርዳል። ምግብ ማድረስን የሚጨምርም የማይጨምርም አለ፤ ኡበር ኢትስ ወይም ዶርዳሽ የሚሠራ ሰው ይህን ለይቶ መጠየቅ አለበት። ወኪሉ በስልክ «ችግር የለም» ቢል በቂ አይደለም፤ ተቀጽላው ዲክለሬሽን ፔጅ በሚባለው የፖሊሲው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በስሙ ተጽፎ መታየት አለበት። ኒው ዮርክ ከተማ የተለየች ናት፤ እዚያ ነጂው በከተማዋ የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽን ሥር የንግድ ኢንሹራንስ የመያዝ ግዴታ አለበት።

አንድ መምታታት እዚህ ይነሳ። መኪና ሻጩ ዘንድ «ጋፕ ኢንሹራንስ» ተብሎ የሚሸጥ ሌላ ነገር አለ። እሱ መኪናው ከጥቅም ውጭ ሲሆን በመኪናው ዋጋና በቀረው የባንክ ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት ይከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዋናው ኢንሹራንስ ሲከፍል ነው፤ ዋናው አልከፍልም ካለ እሱም አብሮ ይቀራል። ስሙን ብቻ ሰምቶ «እኔማ ጋፕ አለኝ» ያለ ነጂ የሽፋን ክፍተቱን አልደፈነም።

ሕጎቹ ደግሞ ይቀያየራሉ። ካሊፎርኒያ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ያነሰ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሲገጭ ለተሳፋሪና ለነጂ የሚከፈለውን የኩባንያዎቹን ሽፋን ከ1 ሚሊዮን ዶላር ወደ 60,000 ለአንድ ሰው፣ ወደ 300,000 ለአንድ አደጋ አውርዳለች፤ ለውጡ የጸናው ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚነዳ ሰው ከዚህ ወዲህ ለራሱ ሕክምና በኩባንያው ላይ እንደ ቀድሞው መመካት አይችልም። ተቀጽላውን ሲገዛ ኢንሹራንስ በሌለው ሰው ለሚደርስ የአካል ጉዳት የሚከፍለው ክፍል አፑ በበራበት ሰዓትም ይሠራ እንደሆነ፣ እስከ ስንት ዶላርም እንደሚደርስ በጽሑፍ ይጠይቅ።